ሰሜን ተራሮች ላይ አየሩ ሲያመነታ፦ ወደ ጅንባር ፏፏቴ በእግር ለሚሄድ

መስከረም አጋማሽ ነው። ከግጭ ካምፕ ተነስተን ወደ ሳንቃበር ካምፕ ስንመለስ ጅንባር ወንዝ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይ ጀርባችንን ታሞቃለች። ባለፈው ቀን ጫማችን እንኳ ሳይርስ በድንጋይ ድንጋዩ እየተረማመድን የተሻገርነው መልካ ነው። አሁንም ውሃው ከቁርጭምጭሚት ብዙ አያልፍም። ሱሪዬን መሰብሰብ ስጀምር አብረውን ያሉት ስካውት፣ ጠመንጃ የያዙት የፓርኩ አጃቢ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው አገዱኝ። ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም። ውሃውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ጎንበስ ብለው ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አነሱ፤ ልክ ጠርዙ ላይ፣ ግማሹን ደረቅ ላይ ግማሹን ውሃ ውስጥ አድርገው አስቀመጡት። «ተቀመጡ፣ ሻያችሁን ጠጡ» አሉን።

ከፔርሙዝ ቀድተን አንድ ኩባያ ሳንጨርስ ድንጋዩ ጠፋ። ጥርት ያለው ውሃ መጀመሪያ የጠላ፣ ቀጥሎ የጭቃ መልክ ያዘ፤ የጓሳ ሣርና የአስታ ቅርንጫፍ እያንሳፈፈ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ድንጋዮቹ እየተንከባለሉ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው።

«ጋሼ፣ ዝናብ እኮ የለም» አልኳቸው።

«እዚህ የለም» አሉኝ። «ላይ ግን ጥሎ አብቅቷል፣ ልጄ።»

ስለ ተራራ አየር ሲወራ ብዙ ሰው የሚፈራው በራሱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። እሱ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ደህና የዝናብ ልብስ ይመልሰዋል። ሰው የሚጎዳው ሌላ ቦታ በጣለው ዝናብ፣ ከዝናቡ ጋር በሚነሳው ንፋስና ከሰዓት በኋላ ገደሉን ይዞ በሚወጣው ጉም ነው። እነዚህ ደግሞ እንደሚባለው «ድንገት» አይመጡም። ሰዓት አላቸው።

ቦታውን ለማያውቅ፦ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የሳንቃበር ካምፕ ወደ 3,250 ሜትር፣ ግጭ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከግጭ ወዲያ ያለው እመት ጎጎ የተባለው አፋፍ ደግሞ 3,900 ሜትርን ያልፋል። በሳንቃበርና በግጭ መካከል ጅንባር ወንዝ አለ። ከላይ ሲያዩት ተራ የገጠር ወንዝ ነው፣ ከብት የሚጠጣበት ዓይነት። ትንሽ ወረድ ብሎ ግን መሬቱ ያልቅበትና ግጭ ገደል ውስጥ ይወረወራል፤ ቁመቱ ከ500 ሜትር በላይ እንደሆነ ይነገራል። ፏፏቴው የሚታየው ከሸለቆው ማዶ፣ ከሳንቃበር ካለፉ በኋላ ነው። በበጋ ክር አክሎ ይወርዳል። ሞልቶ የሚታየው በክረምትና ክረምቱ በሚወጣበት ሰሞን ነው፤ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፏፏቴው የሚያምርበት ሰሞንና ወንዙ አላሻግር የሚልበት ሰሞን አንድ ነው፤ ውሃውም ያው ነው።

መጀመሪያ ስለ መስከረም። ክረምት የሚባለው የዝናብ ቀበቶ፣ በምድር ወገብ አካባቢ ምድርን የሚዞረው የዝናብ ደመና መስመር፣ ወደ ሰሜን ወጥቶ አገራችን ላይ ሲያርፍ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። በሐምሌ ጥርጥር የለም፣ ይዘንባል፤ ሰው አውቆ ይዘጋጃል ወይም ይቀራል። በኅዳርም ጥርጥር የለም። መስከረም ላይ ግን ቀበቶው ወደ ደቡብ እየሸሸ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቀን ጠቅልሎ አይሄድም። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ወጥቶ በሦስተኛው ዶፍ ይጥላል። ወሩ አደይ አበባና ደመራ ስላለበት ልባችን «ጠባ» ብሎ ይዝናናል፤ ተራራው ግን ገና አልጠባም። ለእግር ጉዞ ከሐምሌ ይልቅ መስከረም የሚያታልለው ለዚህ ይመስለኛል።

የቀኑን ውሎ ለመረዳት ደግሞ ጀበና ይበቃል። ቡና ሲፈላ የጀበናውን አፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ከአፉ እንደወጣ እንፋሎቱ አይታይም፤ ጣት ያህል ከፍ ሲል ነው ነጭ የሚሆነው። ትኩስና እርጥብ አየር ከፍ ብሎ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ መሸከም ስለሚያቅተው ነው። ሰሜን ተራሮች ይህንኑ ነገር በየቀኑ ይሠራሉ። አምባው በሰሜን በኩል እንደ ግንብ የተቆረጠ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆላ አንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጠዋት ፀሐይ ቆላውንና የገደሉን ፊት ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ገደሉን ተደግፎ ይወጣል። አየር በ1,000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ ነጭ ይሆናል። ረፋዱ ላይ፣ አራት አምስት ሰዓት አካባቢ፣ ከገደሉ ውስጥ የጥጥ ንድፍ የመሰሉ ቁርጥራጮች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። እኩለ ቀን ሲሆን አፋፉን ይዘው ይቆማሉ። ከሰባትና ስምንት ሰዓት በኋላ የከረመ እርጥበት ካለ ደመናው ቁመት ያወጣና ነጎድጓድ፣ በረዶና ዝናብ ይዞ ይመጣል። ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ጀበናው ከእሳት ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱ ኮከብ በኮከብ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው «ዛሬ ይዘንባል ወይ?» አይደለም። «ስምንት ሰዓት ላይ የት ነኝ?» ነው። ከወንዙ ማዶ ነኝ ወይስ ወዲህ? አፋፍ ላይ ነኝ ወይስ ወርጃለሁ? እኛ የተበላሸነው ጠዋት እመት ጎጎ ላይ ፎቶ ስናነሳ ሁለት ሰዓት ስለፈጀን ነው። ስካውቱ ሦስት ጊዜ «እንሂድ» ብለውናል። ሦስቱንም ጊዜ «አንዴ ብቻ ጋሼ» አልናቸው።

ስልክ ላይ ስላለው ትንበያ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። «ዝናብ 60 በመቶ» የሚለው የቀኑ 60 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ዝናቡ መካከለኛ ነው ማለትም አይደለም። በተባለው ቦታና ጊዜ ውስጥ የሚለካ ያህል ዝናብ የመጣሉ ዕድል ነው፤ መጠኑን አይነግርም። ሌላው ችግር አፑ አገሩን በትልልቅ ካሬ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ አማካይ ከፍታ መስጠቱ ነው። አንዱ ካሬ ውስጥ አፋፉም ቆላውም አብረው ሊገቡ ይችላሉ፤ ገደሉን አፑ አያየውም። ጊዜውን ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው፦ «14:00» ያለው ስምንት ሰዓት ነው። ሲነግሩት ቀላል ይመስላል፤ ግን «ሁለት ሰዓት ላይ ይዘንባል» ተብሎ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ሲጠብቅ የዋለ ሰው አውቃለሁ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የቀንና የአሥር ቀን ትንበያ አይቶ መነሳት ጥሩ ነው፤ የሰሞኑን አዝማሚያ ይነግራል። የዕለቱን ግን ከገደሉ በሚወጣው ጉም ያውቁታል፦ በአምስት ሰዓት ፈንታ በሦስት ሰዓት ብቅ ካለ አየሩ በእርጥበት ተሞልቷል፤ ከሰዓት በኋላው ሊከፋ ይችላል።

ወደ ወንዙ ልመለስ።

ደራሽ ውሃ የሚባለውን ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደጋ ላይ ዘንቦ ፀሐይ ላይ ያለውን ሰው የሚወስደው ጎርፍ ነው። ብዙዎች ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲሆኑ «እኛ ደጋ ነን፣ ከኛ በላይ ምን አለ?» ብለው ይዘናጋሉ። ጅንባር መልካው ላይ ሆናችሁ ከበላያችሁ የጓሳ ሜዳና ሸንተረር አለ። አፈሩ ስስ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት ስለከረመ ጠግቧል። የጠገበ አፈር እንደ ቆርቆሮ ነው፤ የወረደበትን ሁሉ ወደ ወንዙ ያንሸራትታል። የትልቅ ወንዝ ሙላት ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ትንሽ ወንዝ ግን በደቂቃዎች ይሞላል፤ ዝናቡ ካቆመ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ለመንገደኛ ትልቁ ዜና ይኸኛው ነው፦ መጠበቅ ያዋጣል። የትም የማይሄድ ውሃ ቢሆን ሰው ይደፍረው ነበር፤ ይህ ግን የሚያልፍ ነው።

የውሃ ጉልበት ሰውን የሚያታልልበት መንገድ አለው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት እጥፍ አይደለም። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ያደገ ውሃ ጥልቀቱ ብቻ አይደለም የጨመረው፤ ፈጥኗልም። ጉልበት ላይ ሲደርስ አንድ እግር ባነሱ ቁጥር ሌላው ይንሳፈፋል፤ ታች ያለው ድንጋይም ከእግር ሥር ይሸሻል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ይህን ያየ ሰው የተናገረው መሆን አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች በእርግጥም ያስቃሉ። ጅንባር ላይ ደግሞ የሚወስደው ወዴት እንደሆነ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ከስካውቱ የተማርኩት የድንጋይ ምልክት ለማንም ይሆናል። ውሃው ጥርት ካለ፣ ድንጋዩ ባለበት ከቆየና ድምፁ ካልተለወጠ መሻገር ይቻላል። መልኩ ከደፈረሰ፣ ሣርና ቅጠል ማንሳፈፍ ከጀመረ ወይም ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ግን ደረቁ ላይ መቀመጥ ነው፤ ጥልቀቱ ገና ቁርጭምጭሚት ቢሆንም። የግድ ሆኖ የሚሻገር ሰው የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ይፍታ፤ ቢወድቅ ቦርሳው ይዞት እንዳይሄድ። ጫማ አይውለቅ፤ ፊት ወደ ላይኛው ውሃ ሆኖ፣ በዱላ እየተደገፉ፣ በጎን በጎን ነው። በባዶ እግር የሚሻገሩ የአገሩን ልጆች አይቶ እነሱን መምሰል ደግሞ የከተማ ሰው ስህተት ነው፤ እነሱ መልካውን እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቁታል።

እየጠበቅን ሳለን ንፋሱ ተነሳ፤ ካፊያም ያዘን። ሁለተኛው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ብርድ።

ጎንደር ከተማ 22 ዲግሪ ሲሆን ግጭ ላይ በዚያ በ6.5 ዲግሪ ሒሳብ ወደ 12 ወይም 13 ዲግሪ ይሆናል። ደመና ፀሐይን ሲጋርድና በረዶ ሲጥል ሌላ ብዙ ዲግሪ ወዲያው ይወርዳል። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ንፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ ለተጋለጠ ፊትና እጅ ዜሮ ዲግሪ የሆነ ያህል ይበርዳል። ይህ ሁሉ ልብሱ ለደረቀ ሰው ነው። የረጠበ ልብስ ሌላ ታሪክ አለው፤ ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር በ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው። ጥጥ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ይዞ ይቀመጣል። ጋቢ ማታ እሳት ዳር የሚተካው የለም፤ ዝናብ ላይ ግን ሸክም ነው፣ ጂንስ ሱሪም እንዲሁ። ሱፍ ሲረጥብም ትንሽ ሙቀት ይይዛል፤ የደጋ ሰው በርኖስ መልበሱ ከንቱ አይደለም። እረኞች ከሣር ጎንጉነው የሚሠሩት ገሳ ውሃውን ወደ ታች እያንሸራተተ ከላይ ይመልሰዋል፤ አሁን በውድ ዋጋ የሚሸጠው የዝናብ ጃኬት የሚሠራው ያንኑ ነው። ገንዘብ ለሌለው ትልቅ ጥቁር ፌስታል አንገትና ክንድ ማውጫ ተቀድዶለት ጥሩ ካፖርት ይሆናል። አይሳቅ፤ ከቡድናችን ሳይረጥብ የደረሰው ፌስታል የለበሰው ልጅ ብቻ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። መንቀጥቀጥ ራሱ ደህና ነው፤ ሰውነት ሙቀት እየሠራ ነው። የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። የጃኬቷን ዚፕ መዝጋት አቃታት። ስንጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ቃሉ ግን ተጎትቶ ነው የሚወጣው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው የጣት ቅልጥፍናና ማመዛዘን ነው፤ ስለዚህ የበረደው ሰው ራሱ «በርዶኛል» ላይል ይችላል። ፍርዱን ከሱ መውሰድና ለጓደኛ መስጠት ያስፈልጋል። እርጥቡን ሸሚዝ አውልቀን ደረቅ ሹራብ አለበስናት፤ ከንፋስ ጋርደን መሐላችን አስቀመጥናት፤ በሶ በማር በጥብጠን አጠጣናት። በሶው ቀልድ አይደለም፤ ለሚንቀጠቀጥ ሰውነት ስኳርና እህል ነዳጅ ነው። አረቄ ግን የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀቱን ያፈሰዋል፤ የሞቀን የሚመስለን ስለሚሸሽ ነው። መንቀጥቀጡ ሰውየው ሳይሞቅ ቢቆም፣ ወይም ሰውየው ቢተኛብንና ቢቀባዥር፣ ያ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው፤ ተኝቶ እንደተጠቀለለ፣ ሳይንገላታ መውረድ አለበት።

ድሮ እንዲህ ሲሆን ግጭ መንደር ጎጆ ይገባ ነበር፤ የመንደሩ ነዋሪዎች ግን በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወርደው ሰፍረዋል። ዛሬ መንገድ ላይ የሚከፈት በር የለም። የቆየ የጉዞ ማስታወሻ አንብቦ የሚመጣ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ስለ መብረቅ አጭር ነው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳይቆጠር ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከአፋፍና ከሸንተረር መውረድ ነው፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መታገሥ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር፣ ከዋሻ አፍም ላይ አለመጠለል፤ ተራርቆ መቀመጥ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው። የስካውቱን ጠመንጃ አይቶ «ብረቱ ይጠራብናል» ያለ ጓደኛ ነበረን። መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመውን ነው፤ ጠመንጃው ሳይሆን አፋፍ ላይ መቆማችን ነበር የሚያሳስበው።

ጉሙ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ግጭ ሜዳ ላይ ጉም ሲወርድ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ይሆናል። ጅብራዎቹ፣ አበባቸው ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣው፣ ጉም ውስጥ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ፤ አንዱን ጠርቼው አውቃለሁ። መንገዱን ያጣ ሰው ጥሩው ነገር መቆም ነው፤ ጉም ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ገደል ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ችግሩ የትኛው በኩል እንደሆነ አለመታወቁ ነው። አፋፉ ላይ ያለው ሣር ደግሞ ከድንጋዩ አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከላይ መሬት የሚመስለው ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሲረጥብ። ፏፏቴው ማያ ላይ ፎቶ የሚነሳ ሰው ከሚታየው ጠርዝ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ቢቆም ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታይም። ወደ ኋላ እየሄዱ ፎቶ ማንሳትስ ጭራሽ።

በፓርኩ ስካውት ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ ሰው ግን እንደ ጠባቂ ብቻ ያያቸዋል። ዱር አራዊት የሚያስጨንቅ ነገር ብዙም የለም፤ ጭላዳው ሣሩን ይነጫል፣ ዋልያውም ገደሉ ላይ ነው። ስካውት ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ወንዙን ስለሚያውቁት ነው። «እንሂድ» ሲሉ መነሳት፣ «ተቀመጡ» ሲሉ መቀመጥ። የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመነሳት በፊት መንገዱን ደባርቅ ያሉ ሰዎችን መጠየቅም የዝግጅቱ መጀመሪያ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስካውቱ ወደ ጠርዙ ወርደው ጣታቸውን ቀሰሩ። ድንጋያቸው ጀርባው ብቅ ብሏል። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ተሻገርን፤ ሳንቃበር የገባነው በባትሪ ብርሃን ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከገደሉ ሳይነሳ፣ ወደ ፏፏቴው ማያ ተመለስን። ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። ጅንባር ማዶ እንደ ነጭ ነጠላ ጥለት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ያምራል፣ ግን ቀጭን ነው።

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ነበር ማየት» አሉ ስካውቱ።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ሸለቆው ጉም ሞልቶት ነበር። ወንዙ ዳር ተቀምጠን፣ ከበታች በኩል የሚያጓራውን ድምፅ ነጎድጓድ መስሎን ስንቆጥር ነበር።